ገንዳው ሲያብረቀርቅ ውስጡን ለቄስ

ኧረ እነዚህ የውሻ ማጠቢያ ማሽን ሻጮች በሕግ አምላክ! ቪዲዮውን አይታችሁታል አይደል? የማይዝግ ብረት ገንዳ፣ ተች ስክሪን፣ ሰማያዊ መብራት፣ ጨዋ የሆነ አንድ ጎልደን ሪትሪቨር። «ሠራተኛ አያስፈልገውም፣ ደንበኛው ራሱ ከፍሎ ራሱ ያጥባል፣ እናንተ ተኝታችሁ ብር ትቆጥራላችሁ።» አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ማደያ፣ ላውንድሪ ወይ የመኪና እጥበት ያለው ሐበሻ፣ ጎኑ ላይ ባዶ ክፍል ካለችው ይሄ ቪዲዮ ሳይደርሰው አይቀርም። ከዚያ ያለው ብር ሁሉ ፊት ለፊት በሚታየው ዕቃ ላይ ይፈስሳል። ሱቁን የሚያስዘጋው ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለው ነው። ስለሱ ብሮሹሩ ላይ አንዲት መስመር ብትፈልጉ አታገኙም።

ከፍሳሹ ልጀምር፤ ዋናው ጣጣ እሱ ነውና። ሃስኪ ወይም ላብራዶር በጸደይ ወራት ከሥር ያለውን ለስላሳ ፀጉር ሲያራግፍ ከአንድ ውሻ ብቻ የሚወጣው ፀጉር ጉድ ነው። ይሄ ፀጉር ከኮንዲሽነርና ከቆዳ ቅባት ጋር ቱቦ ውስጥ ሲጠላለፍ ባና ይሆናል፤ ውሃ አያሳልፍም። ሻጩ የሚሰጣችሁ ገንዳው ቀዳዳ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ወንፊት ብቻ ነች። ወንፊቷ ስትሞላ ውሃው ይቆማል፤ ደንበኛው እግሩ ሥር ውሃ ሲያይ ምን ያደርጋል? ወንፊቷን አንስቶ ጥግ ላይ ያስቀምጣታል! ከዚያ በኋላ የመጣው ፀጉር ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ የፀጉር ማጥመጃ ከገንዳው ሥር፣ ደንበኛ በማይደርስበት በተቆለፈ በር ውስጥ መኖር አለበት፤ ክዳኑ ያለ ፕላምበር በእጅ የሚከፈት ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለው ቧንቧ ከ2 ኢንች አይነስ፤ በየማዞሪያው ላይ ማጽጃ ክዳን ይኑረው። አንድ ተኩል ኢንች ላይ የተገጠመ ማሽን ያለው ሰው የፕላምበሩን ስልክ በቃሉ ይይዘዋል። ሲደፈን ደግሞ የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል አታፍስሱ። ላይ ላዩን ያቀልጠውና ድፍኑ እዚያው ይቀራል፣ የሚያቃጥለው አልካሊ ተኝቶ የቧንቧ መጥረጊያ ሽቦ የሚያስገባውን ሰው ይጠብቃል፣ ወደ ገንዳው ከተመለሰም ቀጣዩ ውሻ በባዶ እግሩ ይቆምበታል። ሽቦ ብቻ።

ሙቅ ውሃስ? «ያለው ቦይለር ይበቃል» ይሏችኋል። እስቲ እናስላ። መርጫው በደቂቃ 2 ጋሎን ያወጣል፤ አንድ ውሻ ላይ 7 ደቂቃ ያህል ከተከፈተ 14 ጋሎን ለብ ያለ ውሃ ነው። ቦይለሩ 140 ፋራናይት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ ዝቅ ማድረግ የሌጂዮኔላ ባክቴሪያን መጋበዝ ነው። ውሻው ላይ የሚደርሰው ግን 100 አካባቢ መሆን አለበት። በክረምት ከመንገድ የሚገባው ውሃ 40 ፋራናይት ከሆነ፣ ከ14ቱ ጋሎን ከ8 በላይ የሚሆነው ከቦይለሩ ይመጣል። ባለ 50 ጋሎን የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ ባለ 4,500 ዋት፣ በሰዓት እንደገና ማሞቅ የሚችለው 18 ጋሎን ገደማ ነው። ሁለት ገንዳ ቅዳሜ ቀን በየ20 ደቂቃው ውሻ ቢቀበል በሰዓት 50 ጋሎን ሙቅ ውሃ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰዓት ታንኩ ውስጥ በነበረው ያልፋል፤ በሁለተኛው ሰዓት ሁለት ውሻ ታጥቦ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ደንበኛው ከፍሏል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ ከዚያ አንድ ኮከብ ሰጥቷችሁ ይሄዳል።

ታንክ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ካሰባችሁ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 500 ሲባዛ በደቂቃ ጋሎን፣ ሲባዛ የሚፈለገው የፋራናይት ጭማሪ። ሁለት ገንዳ 4 ጋሎን፣ ጭማሪው 60፤ 120,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) በሰዓት። ባለ 199,000ው ይሸከመዋል። በኤሌክትሪክ ይሁን ካላችሁ ግን ለአንድ ገንዳ ብቻ ወደ 17.6 ኪሎዋት ነው፤ በ240 ቮልት ከ70 አምፔር በላይ ማለት ነው። የሱቁ ጠቅላላ ፓነል ስንት እንደሆነ ሳታዩ እንዳትፈርሙ። እንደ ላስ ቬጋስና ፊኒክስ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከተማ ከሆነ ደግሞ ማለስለሻ ሳይገጠም ምንም አይገጠም፤ ነጩ ቅርፊት መጀመሪያ የሚይዘው ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለውን ቫልቭ ነው። ቫልቩ ሲነክስ ውሃው አንዴ በረዶ አንዴ እሳት ይሆናል። ውሻ ደግሞ «አቃጠለኝ» አይልም፤ ይዘላል እንጂ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ ሻምፑ። አብዛኛው ማሽን ሻምፑ የሚስበው በቬንቹሪ ነው፤ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ሲሮጥ በሚፈጥረው መሳብ። ይሄ ነገር የሚሠራው ውሃው በደንብ ሲሮጥ ብቻ ነው። «ውሃ ልቆጥብ» ብላችሁ መርጫውን በጠባብ ብትቀይሩት ወይ ቱቦውን ብታስረዝሙት፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና መሳቡ ይቆማል። ደንበኛው «ሻምፑ» የሚለውን ተጭኖ ባዶ ውሃ ይረጫል፤ ስክሪኑ ግን ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ሌላው ምክንያት ጀሪካኑ ውስጥ የምትገባው የቱቦ ጫፍ ነች። እዚያ ማጣሪያና የማይመልስ ቫልቭ አለ፤ የአጃ ሻምፑ ደለሉ ሲዘቅጥ መጀመሪያ የሚደፍነው እሱን ነው። በየሳምንቱ አውጥቶ በሙቅ ውሃ ማጠብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የት ነው የተጻፈው? የትም!

«ሻምፑ ውድ ነው» ብለው ቀድመው በውሃ በርዘው ጀሪካን ሙሉ የሚያስቀምጡትን ደግሞ ምን ልበላቸው? የተበረዘ ሻምፑ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ከታጠበ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ውሻው ጀርባው ላይ በጣም የሚያም ቁስል ያወጣል፣ ያተኩሳል፣ መነካት እምቢ ይላል። የእንስሳት ሐኪሞች አሳምረው የሚያውቁት በሽታ ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «የት ታጠበ?» የሚል ነው። ሻምፑን መበረዝ ያለበት ማሽኑ ራሱ ነው፣ ያውም በሚረጭበት ሰዓት። ጀሪካኑም ሲያልቅ ይቀየራል እንጂ በቀረው ላይ አይጨመርም።

«ገንዳውን በራሱ ያጸዳል» የሚለው ቁልፍስ? 20 ሰከንድ ፀረ ጀርም ይረጭና ያጥባል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ብዙዎቹ 10 ደቂቃ ረጥቦ ይቆይ ይላሉ፣ ያውም ፀጉርና አረፋው መጀመሪያ ከተጠረገ በኋላ። በ20 ሰከንድ የሚሞት ነገር የለም፣ ሽታ ነው የሚቀየረው። ውሻ የሚገድለውን ፓርቮ ቫይረስ ደግሞ ኳተርነሪ አሞኒየም የሚባለው ተራ ፀረ ጀርም አስተማማኝ ሆኖ አይገድለውም፤ ጠርሙሱ ላይ የውሻ ፓርቮ ተብሎ በስሙ መጻፍ አለበት። በረኪና አንድ እጅ በ32 እጅ ውሃ ይገድለዋል፣ ግን ከሌላ መድኃኒት ጋር አይቀላቀልም፤ ገንዳው ላይ ከደረቀም ክሎራይዱ ያን ያማረ ብረት ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል። ማታ ማታ የጎማ ምንጣፉን አንሱት፤ የሚያሙለጨልጨው ጥቁር ነገር ያለው ከሥሩ ነው።

ማድረቂያው ላይ አጠር ላድርግ። ባለ ሁለት ሞተሩ በ115 ቮልት እስከ 20 አምፔር ሊጠጋ ይችላል፤ እያንዳንዱ ማድረቂያ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ሁለት ማድረቂያ በአንድ መስመር ያሰረ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠማችሁ ብሩን አስመልሱ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚስበው አየር ስለሆነ ማጣሪያው በፀጉር ሲታፈን አየሩ ደስ የሚል ሙቀት ያመጣል፤ ደንበኛው «ዛሬማ ሞቅ ብሏል» ይላል፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ማጣሪያው በየቀኑ ይራገፍ። ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ደግሞ ወደ ሩብ ኢንች ሲወርድ ይቀየር፤ እስኪያልቅ ከተጠበቀ የሚነካውን የመዳብ ቀለበት (ኮሙቴተር) ይፍቀዋል፣ ያኔ የምትገዙት ካርቦን ሳይሆን ሞተር ነው።

ያገለገለ ማሽን በርካሽ አገኘሁ የምትሉ፣ የካርድ ማንበቢያውን ሞደም (በሞባይል ኔትወርክ የሚያገናኘውን ዕቃ) ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። የ3ጂ ኔትወርክ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ተዘግቷል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ስንት ማሽን ካርድ የማይቀበል ቆርቆሮ ሆኖ ማርኬትፕሌስ ላይ ተለጥፏል። ሻምፑ ያለበት መስመር ወደ ከተማው ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭም ይኑር፤ ብዙ ቦታ የውሃ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ፈቃድ ባለው ሰው ያስፈትሻል፣ ክፍያው ከእናንተ ነው፣ ሻጩ ግን ትንፍሽ አይልም።

አዲስ የምትገዙም ብትሆኑ ሻጩን ይሄን ጠይቁት፦ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቫልቭ ማን የሠራው ነው፣ ቁጥሩስ? ባለ 24 ቮልት ተራ ቫልቭ ከሆነ አሸዋ ገብቶበት የደንበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ እየተንጠባጠበ ሲያስቸግር የላስቲክ መለዋወጫውን ከሌላ ሻጭም ታመጣላችሁ፤ ከፊቱ ማጣሪያ ከገጠማችሁ ደግሞ ጨርሶም ላያስቸግር ይችላል። «ከእኛ ብቻ ነው የሚገኘው» ካለ፣ ዋጋውንና በስንት ቀን እንደሚደርስ በጽሑፍ ይስጣችሁ። አልሰጥም ካለ ደጁን ዝጉለት።