ቁስል «ንፋስ ሲመታው» ቶሎ አይድንም
ወንድሜ፣ የሆዷን ትርፍ ቆዳ በቀዶ ጥገና አስቆርጣ ቁስሏ በሦስተኛው ሳምንትም አልገጥም ላላት እህት «ፋሻውን ፍቺው፣ ንፋስ ይምታው፣ ቅርፊት ከያዘ ዳነ ማለት ነው» ብለሃል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለኝ። ግን ትክክል አይደለም።

ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአሳማ ላይ ሙከራ፣ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ቁስል ለአየር ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳይቷል። አዲሶቹ የቆዳ ሴሎች የሚጓዙት በርጥብ ገጽ ላይ ነው፤ ቅርፊት ካለ ግን ከሥሩ እየሰረሰሩ ማለፍ ይኖርባቸዋል። (ርጥብ ስል የራሰና የጨቀየ ፋሻ ማለቴ አይደለም።) ቁስል ላይ አልኮል ማፍሰሱም አዲሱን ሴል ጭምር ነው የሚገድለው።

ይልቅ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ታጨሳለች ወይ? ሺሻም ይቆጠራል። በዚህ ቀዶ ጥገና ቆዳው ከሥሩ ተላቅቆ ስለሚሳብ፣ ከእምብርት በታች መሐሉ ላይ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ የደም ሥሮችን ያጠባል። ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት ማጨስ አቁሙ የሚሉት ለዚህ ነው። ስኳሯንም ትለካ። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገናውን ወደሠራላት ሐኪም ትሂድ።