ከመክፈልህ በፊት ወረቀቱን አንብብ
ለሾፌሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ከፍጥነት ወሰን አልፈሃል ተብለህ ከተከሰስክ አትከራከር፣ ከፍለህ ሂድ» ይላል። እኔ አልስማማም። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምንመላለስ ሾፌሮች ጣጣውን እናውቀዋለን።

ትራፊክ ፖሊስ ፍጥነት የሚለካበት የራዳር ጨረር በራቀ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከአንድ በላይ መኪና ሊያርፍበት ይችላል። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ፣ አንተ በከባድ ማርሽ እያቃሰትክ አንዱ ዶልፊን ቀድሞህ ሽው ቢል፣ የተነበበው ቁጥር የማን ነው? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የክስ ወረቀቱን እዚያው ቆመህ አንብብ። ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ ቦታው ልክ ነው? የመኪናው ዓይነትስ? የፍጥነት ወሰኑ ለጭነት አይሱዙና ለቤት መኪና አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ስህተት ካለ ለዳኛው የምታሳየው ነገር አገኘህ ማለት ነው።

«ራዳሩ በጎን ስለተነጣጠረ አብዝቶ አነበበ» የሚለውን ግን ተወው። በጎን ሲሆን ያሳንሳል እንጂ አያበዛም። ነገሩን የሚያውቅ ዳኛ ከገጠመህ ይስቅብሃል። «ጭጋግ ነበር» ማለትም አያድንህም፤ «ታዲያ ለምን ቀስ አላልክም?» ትባላለህ።

ምስክር ካስፈለገህ ከተሳፋሪ አንዱን ለምን። ረዳትማ ለሾፌሩ ምን ሊል ነው!