እርማት፦ ለትዳር ቪዛ የሚቆጠረው የማን ገቢ ነው?

ሚስቱ በእንግሊዝ አገር የምትኖር የጅማ ቡና ነጋዴ ለትዳር ቪዛ ሲያመለክት፣ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አሰባስቦ የባንክ ሒሳቡ ውስጥ ካስገባለት የገቢው መስፈርት ይሟላል በማለት የሚሰጠው ምክር፣ ምንም እንኳ በጅማው ሂርማታ ገበያ ሳይቀር የሚነገር ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም።

በቅድሚያ የሚመረመረው የሚስቲቱ ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች የሚጠየቀው ከግብር በፊት በዓመት 29,000 ፓውንድ ሲሆን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ከ6 ወር በላይ የሠራች ተቀጣሪ የ6 ወር የደመወዝ ደረሰኝ፣ የአሠሪዋን ደብዳቤና ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ታቀርባለች፤ በደረሰኙ ላይ የሰፈረው የተጣራ ክፍያም ባንክ ከገባው ጋር መገጣጠም አለበት። ባልየው ጅማ ተቀምጦ ከቡና ንግድ የሚያተርፈው፣ ሚሊዮን ብር ቢሆን እንኳ፣ አይደመርም። የሚያከራየው ቤት ካለው ግን ኪራዩ በማስረጃ ተደግፎ ሊቆጠር ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቁጠባም ቢሆን መንገድ አለው። ገቢ ጨርሶ ለሌላቸው ጥንዶች 88,500 ፓውንድ ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ቢያንስ 6 ወር በእጃቸው የቆየ፣ ምንጩ የተገለጸና ብድር ያልሆነ መሆን አለበት። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአጎትና ከአክስት የተሰበሰበ ገንዘብ ይህን አያሟላም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ምናልባት ከአሜሪካ ሕግ ይሆናል፤ እዚያ የስፖንሰሩ ገቢ ካነሰ ሌላ ሰው ተጨማሪ ስፖንሰር ሆኖ መፈረም ይችላል፤ እሱም ቢሆን ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሆኖ መኖሪያውን አሜሪካ ያደረገ መሆን ይኖርበታል።