ታዘበው ቫይታሚን ጀመረ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ግንፍሌ ከመድረሱ በፊት ባለ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ በተከራይነት ከተቀመጥሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የግቢው ባለቤት ሁላችንም «እቴቴ» የምንላቸው ሴት ሲሆኑ፣ ከእኔ በፊት ገብቶ ከእኔ የተሻለ ቤት የያዘው ውሻቸው ነው። ስሙ ታዘበው ይባላል። የዱሮ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊናገር ያልደፈረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣና በየማታው በአጥሩ ሥር ጮክ ብሎ ይጣራው ነበር፤ የታዘበው ስምም የወጣው በወሰን ምክንያት ለተጣሉ ጎረቤት ነበር። ጎረቤቱ ሰፈር ለቀው ከሄዱ ቆዩ፤ ስሙ ግን ዒላማ አጥቶ በእኛ በተከራዮቹ ላይ ቀረ።

ታዘበው ዘጠኝ ዓመት የሞላው የሀበሻ ውሻ ነው። ክረምት ላይ የኋላ እግሩን ማነከስ ሲጀምር ዋሽንግተን የምትኖረው የእቴቴ ልጅ በቪዲዮ አየችውና አለቀሰች። እኔ በዚያው ክረምት ወገቤን ታምሜ አራት ቀን ስተኛ የታዘዘልኝ ጨው በጨርቅ አሙቄ እንድይዝበት ነበር። ይህን የማነሣው በቅናት አይደለም፤ ነገሩ በቅደም ተከተል ይመዝገብ ብዬ ነው።

ልጅቱ ለገና ስትመጣ ከሻንጣዋ አራት ዕቃ አወጣች። አንዱ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ግሉኮሳሚን፣ ሌላው የዓሣ ዘይት፣ ሦስተኛው መልቲ ቫይታሚን ሲሆን አራተኛው ለሆድ የሚጠቅም ባክቴሪያ ነበር። እቴቴ ሦስቱን በአክብሮት ተቀብለው አራተኛው ላይ ሲደርሱ፣ «ባክቴሪያ ደግሞ ከአሜሪካ ድረስ? እዚህ ጠፍቶ ነው?» አሉ። በየዕቃው ላይ ጠጉሩ እንደ ሙሽራ የተበጠረ ወርቃማ ውሻ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ታዘበው ፎቶውን አንድ ጊዜ አሸተተና ፊቱን አዙሮ ተኛ።

ልጅቱ ስትመለስ ክኒን የማብላቱ ኃላፊነት፣ እንግሊዝኛ ያነባል ተብሎ፣ በእኔ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው ቀን ክኒኑን በዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዳቦውን በላና ክኒኑን በፊት ጥርሱ ለይቶ ጫማዬ ላይ አስቀመጠልኝ። በሁለተኛው ቀን ቅቤ ቀባሁት፤ ቅቤውን ልሶ ሲጨርስ ክኒኑ ታጥቦ ከዕቃው ሲወጣ ከነበረው ይበልጥ አበራ። በሦስተኛው ቀን ቋንጣ መሐል ሸሸግሁት። ይህን ጊዜ ዋጠ፤ እኔ ስዞር ግን ከጉንጩ አውጥቶ ከጽድ ዛፉ ሥር ቀበረው። ያ ጽድ በዚያ ዓመት እንዴት እንደለመለመ ሰፈሩ ምስክር ነው።

እያነበብሁ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ዕቃዎቹ ላይ «ይደግፋል»፣ «ያግዛል»፣ «ያበረታታል» የሚል ሞልቷል፤ «ይፈውሳል» የሚል ቃል ግን በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ አይገኝም። ምክንያቱም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ተጨማሪ ምግቦች ያወጣችው ሕግ የሚመለከተው ሰውን ነው፤ የእንስሳ ክኒን በሕግ ፊት ወይ ምግብ ወይ መድኃኒት እንጂ በመካከል የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። «ይፈውሳል» ያለ እንደሆነ መድኃኒት ነህ ተብሎ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ «ይደግፋል» ብሎ ያልፋል። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የተመላለሰ ሰው ይህን ቋንቋ አሳምሮ ያውቀዋል፤ እኛ ጋ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል።

ወሬው በእሑድ ቡና ላይ ተሰማ። እቴቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱ እንደ ዋዛ፣ «ታዘበው እኮ ቫይታሚን ጀመረ» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጃቸው በስፖንሰር ካናዳ ከገባችላቸው ጎረቤት በቀር በዚህ ደረጃ የተሰማ ዜና በዚያ ምንጣፍ ላይ ተነግሮ አያውቅም። ወዲያው የሁሉም ውሻ ታመመ። አንዷ የእሳቸው ውሻ ድካም ድካም እንደሚለው፣ ሌላዋ ደግሞ ጠጉሩ እንደሚረግፍ ገለጹ፤ ውሻ የሌላቸው እንኳ «እንዲያው ለበጉ ይሆን ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ከሁሉ የላቀውን ጥያቄ ያቀረቡት ጡረተኛው ሻለቃ ነበሩ። መነጽራቸውን አውጥተው የግሉኮሳሚኑን ዕቃ ደጋግመው ካነበቡ በኋላ፣ ይኸው ነገር ለሰው ጉልበትም እንደሚሸጥ አስታወሱ። «ጉልበት ጉልበት ነው» አሉ፤ «ልዩነቱ የእኔ ሁለት የእሱ አራት መሆኑ ነው።» እቴቴም ሰው አሳፍረው አያውቁምና ከታዘበው ድርሻ ቆጥረው ሰጧቸው። ክኒኑ የጉበት ቃና ስላለው ሻለቃው በቁርስ ሰዓት ከአምባሻ ጋር ይወስዱታል። ለሰው ያልተሠራን ክኒን መዋጥ እንደማይገባ እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ወገቤን በጨው የታከምሁ ሰው ነኝ።

የእንስሳት ሐኪም የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወጣት ልጅ ነው። ዕቃዎቹን አየና የዓሣ ዘይቱን ለብቻው አኖረው፤ መጠኑ ከተጠበቀ መገጣጠሚያው ለታመመ ውሻ ጥቂት ይረዳል አለ። ስለ ግሉኮሳሚኑ ግን ማስረጃው የሳሳ መሆኑን በትሕትና ተናገረ። መልቲ ቫይታሚኑን እያገላበጠ፣ ውሻ ቫይታሚን ሲን በገዛ ጉበቱ እንደሚሠራ፣ ቫይታሚን ዲን ግን እንደ ሰው ከፀሐይ እንደማያገኝና ከምግቡ መውሰድ እንዳለበት፣ ያም ሲበዛ ኩላሊት እንደሚጎዳ አስረዳ። ታዘበው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚጋደመው ለደስታው ብቻ መሆኑ በዚህ አጋጣሚ ተገለጠ።

ከዚያ ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀ።

«እኛ የምንበላውን» አሉ እቴቴ በኩራት።

መከራው እዚህ ነበር። እንጀራው አልተነቀፈም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር እህልን ለማድቀቅ ከተኩላ የበለጠ ተሰናድቶ እንደተገኘ አሳይቷል። የተነቀፈው ወጡ ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ መብሰሉም አያድነውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል፤ በ31 ኪሎው ታዘበው በዝቅተኛው ልክ ሲሰላ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ሽንኩርት ማለት ነው። የእቴቴ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይፈጃል፤ የድስቱን ጥራጊ በፍትፍት አድርጎ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። 31 ኪሎውም ራሱን የቻለ ክስ ሆነ፤ ለዚህ ቁመት 22 ይበቃው ነበርና እግሩን ያስነከሰው ተሸክሞት የሚዞረው ሥጋ ነው ተባለ።

«የእብድ ውሻ ክትባትስ መቼ ወሰደ?»

ዝም ተባለ። ሻለቃው ጣሪያውን አዩ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ ከዚህ በሽታ ለማዳን መርፌ ያስወጋው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ጉለሌ ያለውንም ተቋም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ሊያቆም ይችላል። በእኛ ግቢ ግን የተከተበ ውሻ ዜሮ፣ ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ ባክቴሪያ አንድ ዕቃ ሙሉ ተገኘ። ሐኪሙ መርፌውን ወግቶ የትል መድኃኒት ሰጠ። ሽንኩርት እንዲቀር፣ ምግቡ እንዲቀነስ፣ በየቀኑም ዝግ ያለ የእግር ጉዞ እንዲያደርግ አዘዘና ሄደ።

«ምግቡን መቀነሱስ ሁዳዴ ይመጣል» አሉ እቴቴ፤ «55 ቀን ከእኛ ጋር ይጾማል።» የእግር ጉዞው ለእኔ ተሰጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እኔና ታዘበው እስከ ቀበና ድልድይ ወርደን ዳገቱን እናለከልካለን፤ የሚጎትተውና የሚጎተተው ማን እንደሆነ መንገደኛው ይፍረድ። ሁዳዴ ሲፈታ አምስት ኪሎ ቀንሶ ነበር፤ ማነከሱም እየተወው መጣ።

ይህንን ያዳነው ምን እንደሆነ በግቢያችን ክርክር አልተነሣም፤ ክኒኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሚሰጣቸው የሚያነክሱ ውሾች ባለቤቶች፣ የእርምጃ መለኪያው ምንም ለውጥ ሳያሳይ፣ ብዙዎቹ «ውሻዬ ተሻለው» ብለው ነበር። ይህን ለእቴቴ ባነብላቸው፣ «አየህ፣ ባዶው እንዲህ ካደረገ ሙሉውማ!» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱ ደወለች። ግሉኮሳሚኑ ማለቁን ሰምታ ገርሟታል።

«እማዬ፣ የስድስት ወር ነበር እኮ! በጣም ወደደው ማለት ነው?»

እቴቴ በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከቱ። ሻለቃው ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው የበረንዳውን ደረጃ ይወጣሉ፤ ታዘበው ከጽዱ ሥር ተጋድሞ ይመለከታቸዋል።

«ኧረ ምን ልበልሽ፣ ልጄ» አሉ፤ «ደረጃውን እንደ ወጠጤ ነው የሚወጣው። በሚቀጥለው ግን ትልቁን ዕቃ ላኪ።»