ለሌላ ቡድን ማጨብጨብ ክህደት አይደለም

አንድ ጸሐፊ የራስ ቡድን ሲዳከም ሌላ የበረዶ ሆኪ ቡድን መደገፍ ክህደት እንደሆነ መግለጻቸውን አልቀበልም። እኔ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) የሚጫወተው የቡፋሎ ሴበርስ ደጋፊ ነኝ፤ ቡድኔ እ.ኤ.አ. ከ2011 በኋላ ለ14 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገባ ሲቀር፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ምርጡ ሆኪ ሲጀመር ቴሌቪዥኔን መዝጋት ነበረብኝ? ተጫዋቻችን ራያን ኦራይሊ በ2018 ከእኛ ወደ ሌላው የሊጉ ቡድን ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ሲዛወር ከልብ አዝኛለሁ። ብሉዝ 2019 ሲገባ በሊጉ የደረጃ ሠንጠረዥ ግርጌ ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ቦስተን ውስጥ በተደረገው ሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኦራይሊ ከሩቅ የተመታውን ፓክ (እንደ ኳስ የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ) በዱላው ነካ አድርጎ አቅጣጫውን በማስቀየር የመጀመሪያዋን ጎል ሲያስቆጥር ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮኽሁ። ብሉዝ 4 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ፣ ማለትም የሊጉን የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ፤ ኦራይሊም የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተባለ። ያ ደስታ ለሴበርስ ያለኝን ፍቅር ቅንጣት አልቀነሰውም። እርግጥ ነው፣ ገደብ አለው፤ የምድባችን ተቀናቃኝ የሆነውን ቶሮንቶን ለመደገፍ ልቤ እሺ አይለኝም፤ ሴበርስ በሚጫወትበት ምሽት ደግሞ ሌላ ጨዋታ አልከፍትም።