ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁ

ወገኖቻችን፣ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ የሚነገረው ቃል እየከረረ ነው። በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ያነሡት የባሕር በር ጉዳይ «የህልውና ጥያቄ» ሆኗል፤ ከአስመራም አጸፋው ይሰማል። መሪዎቹ በኃይል አንሻም ይላሉ። የሚሉትን እነሱ ያውቃሉ፤ እኛ ዛሬ የምንገሥጸው እናንተን ነው። ጦርነት ያለ ሕዝብ ይሁንታ አይካሄድም፤ ይሁንታውም የሚወሰደው በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሕዝብ ሳያውቅ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ስለ ድንበሩ በነሐሴ 1989 ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ጉዳዩን የሚያይ የጋራ ኮሚሽንም አቋቁመው ነበር። ሕዝቡ ግን ባድመ የሚባል ቦታ መኖሩን እንኳ የሰማው በግንቦት 1990፣ የኤርትራ ጦር ከገባ በኋላ ነው። ንግግሩ የት ላይ እንደተሰናከለ፣ በምኒልክ ዘመን ከጣሊያን ጋር የተፈረሙት የድንበር ውሎች ምን እንደሚሉ የነገረው አልነበረም። የቀረበለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ተደፍረሃል፣ ዝም ትላለህ? እንዲህ ለተጠየቀ ሰው መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። በደሉ ሐሰት አልነበረም፤ ኤርትራ በኃይል ገብታ ዓለም አቀፍ ሕግ መጣሷን ሁለቱ መንግሥታት በሰላም ስምምነታቸው ያቋቋሙት የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1998 ወስኗል። ነገር ግን በደል ደረሰብን ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጦርነቱ እስከ የት እንደሚሄድና ስንት ሰው እንደሚበላ መጠየቅ ሌላ ነው። ሁለተኛውን የጠየቀ በጣም ጥቂት ነበር።

ስም ማውጣትን አቅልላችሁ አትዩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 በትግራይ የተጀመረው ግን «ሕግ ማስከበር» ተባለ። የሰሜን ዕዝ መጠቃቱ እውነት ነበር፤ ቁጣውም እውነት ነበር። ስሙ ግን የራሱን ሥራ ሠራ። ሕግ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ስለሚመስል የጦርነት አዋጅ አላስፈለገውም፤ በሳምንታት የሚያልቅም መሰለ። ኅዳር 21 ቀን 2013 ሠራዊቱ ከተሞቹን ሲይዝ አንድም ሰላማዊ ሰው አልገደለም ተብሎ ለምክር ቤቱ ተነገረ፤ በክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ማን ያጣራ? ዘመቻው በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በእውነተኛ ሐዘን መነዳት ነው። ግንቦት 28 ቀን 1990 በመቀሌ የአይደር ትምህርት ቤት በኤርትራ አውሮፕላን ተደብድቦ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አየር ማረፊያ ደበደቡ። እዚህ የታየው የመቀሌ ሥዕል ነው፤ እዚያ የታየው የአስመራው። ሁለቱም ሕዝብ ያየው እውነት ነበር፤ ሁለቱም ግማሹን ብቻ አየ።

ከዚያ ጠላትነቱ ከመንግሥት ወርዶ ጎረቤት ቤት ገባ። የኤርትራ ተወላጆች እየታፈሱ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተላኩ፤ ቁጥራቸው 75,000 ያህል እንደነበር ይገመታል። የዓይናቸው ቀለም አላስደሰተንም ብንላቸው እንኳ መውጣት አለባቸው እስከ ማለት ተደረሰ፤ ይህን ያሉት የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው። ከኤርትራም ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች ተባረሩ። በአንድ ዕድር ሲቀባበሩ የኖሩ ሰዎች ሲወሰዱ መንደሩ በራፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ያ ዝምታ ለመሪዎቹ ከማንኛውም ሰልፍ የበለጠ ድጋፍ ነበር።

መዋጮውም ለገንዘቡ ብቻ አይፈለግም። በሶ የፈጨች እናት፣ ደመወዙን የሰጠ ሠራተኛ፣ ፎክሮ የተመለሰ ጎረምሳ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ጦርነቱን የራሱ አድርጎ ይሟገትለታል። «ይህን ሁሉ ሰጥቼ በከንቱ?» ማለት ይከብደዋልና።

ሒሳቡን ደግሞ እዩት። በባድመው ጦርነት የሁለቱ ወገን ሙታን ከ70,000 እስከ 100,000 ይገመታሉ። ኤርትራ 19,000 ወታደሮች እንደሞቱባት ያመነችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ እዚህም እናቶች ሲጠብቁ ቁጥር የሚነግራቸው አልነበረም። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በዚያው የሰላም ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሲወስን ባድመ ለእኛ ሆነች ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረን፤ ውሳኔው ግን ለኤርትራ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 2010፣ አይደር ከተደበደበ ልክ በ20 ዓመቱ፣ ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀበልኩ አለ። ዛሬ እንዋጋላት የሚባልላት አሰብስ? እስከ ግንቦት 1990 ድረስ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በእሷ ነበር። የዘጋብን ያው ጦርነት ነው። በጦር የተያዘ ወደብ ደግሞ የመርከብ ድርጅት አይመጣበትም፤ ቢመጣም የጦርነት ኢንሹራንሱን የሚከፍለው ስንዴና ማዳበሪያ ገዢው ነው።

እንግዲህ ለሰልፍ ስትጠሩ የቀበሌውን ሰው፣ የመረጣችሁትንም የምክር ቤት አባል አስቁማችሁ ጠይቁ። ከማን ጋር ድርድር ተሞከረ፣ ወረቀቱስ የት አለ? ግቡ ምንድን ነው፣ መድረሱ በምን ይታወቃል? የሞተ ሰው ቤተሰብ በስንት ቀን ይነገረዋል? የባለሥልጣን ልጅ በየትኛው ክፍለ ጦር ይዘምታል? በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት ሆናችሁ «ግፋ በለው» የምትሉም ተጠየቁ፤ ልጃችሁ ምሽግ አይገባም፣ የጻፋችሁት ግን ጎንደርና አዲግራት ያለውን ልጅ ያስገባል።

የደመወዝ መዋጮ ቅጽ ከመጣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደሩ አንቀጽ 59ን አንብቡ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ያለ ጽሑፍ ስምምነታችሁ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዛችሁ ሲሶ አያልፍም። ለጥያቄዎቹ መልስ እስኪመጣ ድረስ አትፈርሙ።