አፖ ደሴት ላይ ያንገበገበኝ ነገር

ዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ፊሊፒናዊ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ አብሬው ሄጄ አፖ ደሴትን አየሁ። ከኔግሮስ ደሴት ዳርቻ፣ ከማላታፓይ ተነሥቶ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ ነው። ስለ ባሕሩ ውበት ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔን ያንገበገበኝ የመግቢያው ደረሰኝ ነው።

ደሴቷን ለማየት ይከፈላል። ከዚያ ገንዘብ 75 በመቶው ለዚያው ጥብቅ ስፍራ ይውላል። ባሕሩን የሚጠብቁትም፣ እንግዳ የሚያሳድሩትም፣ አስጎብኚዎቹም የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እዚህም ባሕሩ በድማሚት፣ በመርዝና ዓይኑ በጠበበ መረብ ይታመስ ነበር። አንጀል አልካላ የተባሉት ምሁርና የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው መጥተው ሕዝቡን መከሩ፤ መንደሩም በ1982 ከኮራል ሪፉ፣ ዓሣው ከሚጠለልበት የባሕር ውስጥ ዐለት፣ አንድ አሥረኛ ያህሉን ማንም እንዳያጠምድበት ዘጋ። ሰዎቹ ጠግበው አይደለም የዘጉት። በተዘጋው ክፍል ዓሣው በዛ፣ ተረፈና ወደ አጥማጁ ውኃ ወጣ። ጎብኚ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ የባሕር ኤሊ አንገቷን ደፍታ ሣር ትግጥ ነበር። አንዱ ጎብኚ ሊነካት እጁን ሲሰድ አስጎብኚው ወጣት ክንዱን በመካከላቸው ዘርግቶ ከለከለው። ጎብኚው ቢኮሳተርም ወጣቱ ንቅንቅ አላለም። የቤቱን ቀለብ እየጠበቀ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

እኛስ? ጣና በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉበት። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም እዚያው የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ጽፈዋል።

ባሕር ዳር በሄድኩ ጊዜ ለጀልባ ከፈልኩ፣ ለአስጎብኚ ከፈልኩ፣ ለገዳማቱ ከፈልኩ። ከዚህ ሁሉ ለዓሣው የሚደርስ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ አስጎብኚዬ ግራ ተጋብቶ፣ «ለዓሣ ደግሞ ማን ይከፍላል?» አለኝ። ጉማራ አፍ ላይ ያገኘሁት ልጅ ደግሞ መረቡን ሲያራግፍ የዓሣዎቹ ዕንቁላል የታንኳው ወለል ላይ ይፈስ ነበር። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል፣ ጋሼ» አለኝ። በዚህ ልጅ ልፈርድ አልችልም። ዓሣው ቢተርፍ እርሱ ምን እንደሚያገኝ የነገረው የለም፤ ከእኔ ክፍያም አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። ድህነት ነው የሚሉኝ ወዳጆቼ አሉ። የአፖ ሰው ያን ባሕር ሲዘጋ ሀብታም ነበር እንዴ?

ጣና ላይ ባለጀልባዎቹም አጥማጆቹም ማኅበር አላቸው። ከየጎብኚው ጥቂት ብር ተቀንሶ ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዞቹን አፍ ለሚጠብቁ አጥማጆች ደመወዝ ይሁን፤ ደረሰኙም ላይ ይጻፍ። እኔ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ፤ ከውጭ የሚመጣው ወገኔም ቢነገረው ይከፍላል።